ጳጉሜን የማያውቀው ሰርቨር

እኔን የኮምፒውተር ባለሙያ ያደረገኝ የፕሪንተር ገመድ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የመሥሪያ ቤታችን ፕሪንተር አልሠራ ብሎ ሠራተኛው ሁሉ ከቦ ሲያየው፣ እኔ ከኋላው ገመዱ መውለቁን አየሁና ሰካሁት። ጥፋቴ ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩ ፎቶ አልከፍት ያለው፣ ካልኩሌተሩ ባትሪ የጨረሰበት፣ አንድ ጊዜማ የግድግዳ ሰዓት የቆመበት ሳይቀር ወደ እኔ ይመጣል። እኔ የተቀጠርኩት በሰው ኃይል ክፍል ነው ብል ማን ሊሰማኝ!

ይባስ ብሎ አምና ደብረ ብርሃን ላይ የሦስት ቀን የዳታቤዝ ሥልጠና ሲዘጋጅ «ባለሙያችን ይሂድ» ተባለ። ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን በምዝገባ፣ ሁለተኛው ቀን በመክፈቻ ንግግር፣ ሦስተኛው ቀን ሰርተፍኬት በመቀበልና ፎቶ በመነሣት አለቀ። ዳታቤዝ የሚለውን ቃል ያየሁት መድረኩ ላይ በተሰቀለው ባነር ብቻ ነው። ሰርተፍኬቱን ግን ኃላፊያችን አቶ ግርማ በፍሬም አስገብተው ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ሰቀሉልኝ። ያን ቀን አውርጄ መደበቅ ነበረብኝ።

መሥሪያ ቤታችን አንኮበር ዳገቱ ላይ ነው። አንዳንድ ቀን ጭጋጉ በመስኮት ገብቶ ከሠራተኛው ቀድሞ ወንበር ይይዛል። በጥር ወር መጀመሪያ፣ እንዲህ ባለ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ደብረ ብርሃን ካለው የበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ዕድሜያቸው ስልሳ የሞላ ሠራተኞች ተለይተው ጡረታ እንዲወጡ፣ ዝርዝራቸውም «በዘመናዊ የመረጃ ቋት ተደግፎ» እስከ ዓርብ እንዲላክ ይላል። ስልሳ የሞላው ይሄዳል፣ ያልሞላው ይቆያል። ይህን ለማወቅ ደግሞ መዝገብ ቤት ገብቶ ጋሽ ሽፈራውን መጠየቅ ይበቃ ነበር።

ጋሽ ሽፈራው የመዝገብ ቤታችን ኃላፊም፣ ሠራተኛም፣ ተላላኪም ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት በዚያች ክፍል ኖረዋል። የማንኛውንም ሠራተኛ ስም ብትጠሩላቸው ከወንበራቸው ሳይነሡ እጃቸውን ዘርግተው ፋይሉን ያወጡታል። እኔ ስቀጠር ፋይል የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ልጄ ሲወለድ የልደት ማስረጃዋን ተቀብለው ካስገቡ በኋላ ፋይሌን በእጃቸው መዘን አድርገው «አሁን ገና ክብደት አገኘ» ብለውኛል። ስለዚህ እወዳቸዋለሁ።

አቶ ግርማ ግን ደብዳቤውን ይዘው እሳቸው ጋ አልሄዱም፤ እኔ ጋ መጡ።

«ዘመናዊ ይላል» አሉኝ ጣታቸውን ቃሉ ላይ አድርገው። ቀጥለው ግድግዳውን፣ ሰርተፍኬቱን አዩ። «እንግዲህ እስከ ዓርብ።»

ለዚህ ሥራ የተሰጠኝ ኮምፒውተር ከዚህ ቀደም ቫይረስ ጨርሶት ስለነበር፣ ደብረ ብርሃን ያለ ዮናስ የሚባል ወዳጄ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ጭኖበታል። «ከእንግዲህ ቫይረስ አይነካውም» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ እኔም ስነካው አይሰማኝም። ደወልኩለትና የዳታቤዝ ሰርቨር፣ ማለት የመረጃ ቋቱን የሚይዘው ፕሮግራም፣ እንዴት እንደሚጫን ጠየቅሁት። ሦስት መስመር ትእዛዝ አስጻፈኝ። በብጣሽ ወረቀት ጻፍኩ። «አምስት ደቂቃ ነው» አለኝ። ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው «አምስት ደቂቃ ነው» ካላችሁ ምሳ ቋጥራችሁ ተቀመጡ።

ሊኑክስ ላይ ነገር የሚጫነው በጥቁር መስኮት ነው። ሥዕል የለው፣ የሚጫኑት ነገር የለው፤ እናንተ ትጽፋላችሁ፣ እሱ ይመልሳል። የመጀመሪያውን ትእዛዝ ጻፍኩ። «ፈቃድ የለህም» አለኝ። በገዛ መሥሪያ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ! ዮናስ «ከፊቱ ሱዶ የሚል ጨምርበት፣ አለቃ ነኝ እንደማለት ነው» አለኝ። ጨመርኩ። አለቃነቴን በፓስወርድ እንዳረጋግጥ ጠየቀኝ። መጻፍ ጀመርኩ፤ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ኮከብ የለ፣ ነጥብ የለ። ኪቦርዱ ሞተ አልኩና ከጸሐፊያችን ከሰብለ ኪቦርድ ተውሼ ሰካሁ። እሱም አይጽፍም። የሰው ኪቦርድ ገደልኩ ብዬ ደንግጬ፣ ሦስተኛ ከወደ ግዥ ክፍል አመጣሁ። ሦስቱን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ ለዮናስ ስደውል፣ ስቆ እስኪጨርስ የስልኬ ካርድ ተገመሰ። ለካ ሊኑክስ ፓስወርድ ሲጻፍ የማያሳየው ሆን ብሎ ነው፤ አጠገብ ያለ ሰው እንዳይቆጥር ብሎ። አጠገቤ ማን አለና? ጭጋጉ ነው የሚቆጥረው?

ሁለተኛው ትእዛዝ ሰርቨሩን ከኢንተርኔት የሚያወርድ ነው። ኢንተርኔቱ ከእኔ ስልክ ነው፣ ስልኬ ደግሞ ኔትወርክ የሚይዘው የመስኮቱ ደፍ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። መስኮቱን ከፍቼ፣ በጥር ብርድ ጋቢ ለብሼ፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቁጭ ብዬ አየሁ። ዘጠና ሰባት ከመቶ ሲደርስ መብራት ሄደ።

መብራቱ ማክሰኞ ጠዋት መጣ። ትእዛዙን ደገምኩ። «ሌላ ሥራ ተይዟል፣ እሱ እስኪያልቅ ጠብቅ» አለኝ። ጨዋ ሰው ነኝና ጠበቅሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቅሁ። በኋላ ዮናስ እንዳስረዳኝ፣ ማሽኑ እስኪያልቅ የሚጠብቀው ያንኑ መብራት ሲሄድ ሞቶ የቀረውን ሥራ ነበር። መርዶውን የነገረው የለም፤ እኔም አብሬው የሞተ ስጠብቅ አረፈድኩ። የሞተው ሥራ ትቶት የሄደውን መቆለፊያ አንሥተን፣ ከሰዓት በኋላ ሰርቨሩ ተጫነ። «እየሠራ ነው» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ሳይ የአባቴን ቤት ሠርቼ የጨረስኩ ያህል ደስ አለኝ።

ደስታዬ ንብረት ክፍል እስኪሰማ ድረስ ቆየ። የንብረት ኃላፊያችን ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደብተራቸውን ይዘው መጡ።

«አዲስ ሰርቨር ገባ ሲሉ ሰማሁ።»

«አዎ እትዬ፣ ገባ።»

«ያለ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ?»

ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ንብረት ሲገባ የሚቆረጥ ደረሰኝ ነው። ሳይቆረጥለት የገባ ነገር በእሳቸው ዓይን የተሰረቀ ነው።

«እትዬ፣ ፕሮግራም እኮ ነው። አይጨበጥም።»

«የማይጨበጥ ነገር ቢጠፋ በምን አውቃለሁ?»

«አይጠፋም። ደግሞም በነፃ ነው፣ ከኢንተርኔት ነው ያወረድኩት።»

«በነፃ ከሆነ እርዳታ ነው» አሉና ብዕራቸውን አዘጋጁ። «የረጂው ደብዳቤ የታለ?»

ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ ሊለጠፍበት የሚችል ነገር አምጣ ስላሉኝ፣ የዮናስን ትእዛዝ የጻፍኩባትን ብጣሽ ወረቀት ሰጠኋቸው። ቁጥር ለጠፉባት። ሰርቨራችን እስከ ዛሬ በንብረት መዝገብ የሚታወቀው «ወረቀት፣ ብዛት አንድ፣ ሁኔታ ያገለገለ» ተብሎ ነው።

ይህን ጨርሰው ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ዞር አሉ። «ቁልፉስ ማን ዘንድ ነው?»

ፓስወርዱን ማለታቸው ነው። እኔ ዘንድ ነው አልኩ። ይህን ማለት አልነበረብኝም። የሠራተኛ ምስጢር ያለበት ነገር በአንድ ሰው እጅ አይሆንም ተባለና አቶ ግርማ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅና ጋሽ ሽፈራው ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ፓስወርዱ በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ካዝና ገባ። ቃለ ጉባኤም ተያዘ። ሁለተኛው ነጥብ እንዲህ ይላል፦ «ባለሙያው የኮሚቴው አባል ባለመሆኑ ፓስወርዱን ከዛሬ ጀምሮ እንዲረሳ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» አንብቤ ፈረምኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ቃል አጥብቄ ያስታወስኩት ነገር የለም፤ ሌሊት በሕልሜ ሳይቀር ስጽፋት ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ ልጀምር ስል የካዝናው ቁልፍ የለም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደብረ ሲና ልቅሶ ሄደዋል፣ ቁልፉም በቦርሳቸው አብሮ ሄዷል። ሰርቨሩ ፊቴ ተቀምጦ ፓስወርድ ይጠይቀኛል፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ነው፤ ግን እንድረሳው ተወስኗል።

«ብጽፈውስ?» አልኩ አቶ ግርማን።

«ካወቅኸው ቃለ ጉባኤ ጥሰሃል» አሉኝ ኮስተር ብለው።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሱ። ፖስታው በሦስት ሰው ፊት ተቀደደ፣ የማውቀውን ቃል አንብቤ ጻፍኩ፣ እንደገና ታሸገ፣ እንደገና እንድረሳው ተወሰነ።

ሐሙስ ፖስታው ለሁለተኛ ጊዜ ተቀደደና ምዝገባው ተጀመረ። ጋሽ ሽፈራው ፋይሎቹን በጋሪ አስጭነው የመጡ እስኪመስል ተሸክመው እያመላለሱ፣ ስምና የልደት ቀን ያነቡልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ጥሩ ሄድን። አሥራ አንደኛው ፋይል ላይ «ጥቅምት ሠላሳ» አሉ። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ናትና ወር ሁለት፣ ቀን ሠላሳ ብዬ ጻፍኩ። ሰርቨሩ «ትክክል ያልሆነ ቀን» ብሎ መለሰው።

«የማን ነው ጋሼ?»

«የአቶ ግርማ።»

ሰርቨሩ ኃላፊያችን አልተወለዱም እያለ ነው። ነገሩ ገባኝ፤ ፈረንጅ የሠራው ነውና የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ነው። የእነሱ ሁለተኛ ወር ሃያ ስምንት ቀን ናት፣ ቢበዛ ሃያ ዘጠኝ። ይህን እያሰብኩ ሳለ የሰብለ ፋይል ተነበበ። ጳጉሜ አንድ። ወር አሥራ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። ጭራሽ ጮኸብኝ።

«ምን ይላል?» አሉ ጋሽ ሽፈራው።

«አሥራ ሦስተኛ ወር የለም ይላል።»

«እንዴት የለም? በየዓመቱ እየመጣች!» መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። «ሩፋኤል የሚውልባት ናት በለው። እኔ ራሴ ጳጉሜ ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት ነው የተወለድኩት። እናቴ ዋሽታ ነው?»

ሩፋኤልን ለሊኑክስ እንዴት አድርጌ ላስረዳ? የሁሉንም የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እንዳልመልስ ሐሙስ አሥር ሰዓት ሆኗል። ስልኬን መስኮት ደፍ ላይ አድርጌ ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ። አንድ የማላውቀው ሰው «ሰርቨሩ ቀን አልቀበል ካላችሁ ጥብቅነቱን አጥፉት» ብሎ አንዲት መስመር ጽፏል። ገለበጥኳት። ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሣሁት። እንግዲህ ያ ግትር ፍጡር ሁሉን እሺ የሚል ሆነ። ጥቅምት ሠላሳ፣ እሺ። ጳጉሜ አንድ፣ እሺ። ከእያንዳንዱ ሥር «ማስጠንቀቂያ አንድ» የሚል ይጽፋል፤ እኔ አላነበብኩትም። ማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ሦስት ዓመት የሞላው ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፣ ያንንስ ማን አንብቦት ያውቃል?

«አየህ፣ ሲለምኑት ይሰማል» አሉ ጋሽ ሽፈራው።

ያላወቅነው ይህ ነው፦ ጥብቅነቱ ሲጠፋ ሰርቨሩ ያላመነበትን ቀን አይቀበልም። ፊት ለፊት እሺ ይላችሁና በቦታው ዜሮ ይጽፋል። ዜሮ ቀን፣ ዜሮ ወር፣ ዜሮ ዓመት። ፊት ለፊት እሺ ብሎ ከኋላ የራሱን የሚሠራ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤታችን ሞልቷል፤ ከማሽን ግን አልጠበቅሁም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሰርቨሩን «ስልሳ የሞላቸውን አውጣ» አልኩት። ከዘንድሮው ዓመት ላይ የልደት ዓመታቸውን ቀንሶ ዝርዝሩን አወጣ። ሳላነብ አተምኩ። አቶ ግርማ ሳያነቡ ፈረሙ፣ ማኅተም ረገጡበት። አንዱ ቅጂ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፣ አንዱ በቴሌግራም ደብረ ብርሃን ተላከ። ሦስታችንም፣ ማለቴ እኔም እሳቸውም ማኅተሙም፣ ረክተን ሻይ ልንጠጣ ወጣን።

ያነበቡት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው። ጩኸታቸው ሻይ ቤት ድረስ ተሰማ። ዝርዝሩ ላይ ሰባት ሰው አለ። ሁለቱ እውነትም ስልሳ ያለፋቸው ናቸው። የአምስቱ ዕድሜ ግን እያንዳንዳቸው ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመት ነው። አቶ ግርማ፣ ሰብለ፣ ጋሽ ሽፈራው፣ ሾፌራችንና የጥበቃ ሠራተኛችን፤ ሁሉም አብሮ አደግ ሆነዋል። ወዲያው ከደብረ ብርሃን ተደወለ። «የላካችሁልን የሠራተኛ ዝርዝር ነው ወይስ የቅርስ?» አለ ሰውዬው።

«በገዛ ፊርማዬ አሰናበትከኝ!» አሉ አቶ ግርማ ፊታቸው ደም መስሎ።

«የእኔስ?» አለች ሰብለ። «እጮኛዬ ነገ ከአረርቲ ይመጣል። ሃያ ስድስት ነው ያልኩት፤ ሰሌዳው ላይ ይህን ቢያይ ምን ልለው ነው?»

ጋሽ ሽፈራው አልጮሁም። ሰሌዳው ፊት ቆመው ስማቸውን ሁለት ጊዜ አነበቡ፣ ከዚያ እኔን ወደ ጥግ ሳብ አደረጉኝ።

«ገና ሃምሳ ሰባቴ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሦስት ዓመት አለኝ። ትንሿ ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት፣ እሷን አስጨርሼ ነው የምወጣው። ደግሞስ ከዚህ ክፍል ወጥቼ የት ልዋል? ቤት መዋል አላውቅበትም። ቀኔን መልስልኝ ልጄ። ልክ አድርገህ መልስልኝ።»

አፈርኩ። የምገባበት ጠፋኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ወረቀት ያልጠፋባቸውን ሰው እኔ በአራት ቀን ራሳቸውን አጠፋኋቸው። እንደ ምንም አስተካክላለሁ ብዬ ማልኩላቸው።

ፖስታው ለሦስተኛ ጊዜ ተቀደደ። በዚህ ጊዜ ተንኮል አልፈለግሁም። ቀኑን ለብቻ፣ ወሩን ለብቻ፣ ዓመቱን ለብቻ፣ በሦስት ዓምድ እንደ ተራ ቁጥር እንዲይዝ አደረግሁ። ቁጥር ከሆነ ስለ ወር የሚፈርደው ነገር የለም። ዕድሜውንም ቀንና ወር ቆጥሮ እንዲያወጣ ጻፍኩለት። አምስቱም ሰዎች ከጀርባዬ ቆሙ። የአቶ ግርማን አስገባሁ፤ አርባ አራት አለ። «ተመስገን!» አሉና ከረቫታቸውን አስተካከሉ። ሾፌሩና የጥበቃው ሠራተኛም በየዕድሜያቸው ገቡ። ሰብለ ሃያ ስድስት ስትሆን ወይዘሮ ጥሩወርቅ እልል አሉ።

የጋሽ ሽፈራው ቀረ። እሳቸው የራሳቸውን ፋይል አይከፍቱም። መዝገብ ቤት የገቡ ዕለት የነበሩት አለቃ የራስህን ፋይል እንዳትነካ ብለዋቸው፣ ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመት አልነኩም። ሐሙስ ዕለትም ሰጥተውኝ ፊታቸውን አዙረው ነበር፤ እኔም ስቸኩል ቁጥሩን ገልብጬ አለፍኩ። አሁንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውልኝ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

የመጀመሪያው ገጽ የቅጥር ፎርማቸው ነው። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። ጳጉሜ ሦስት ቀን አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት። ቀን ሦስት፣ ወር አሥራ ሦስት፣ ዓመቱንም ሙሉውን ብዬ አስገባሁ። አንድም ማስጠንቀቂያ የለም።

«ተቀበለ?» አሉ ሳይዞሩ።

«ተቀበለ ጋሼ! ጳጉሜ ሦስት ብሎ!»

ሁሉም አጨበጨበ። ሰብለ ትከሻቸውን ይዛ ወደ ስክሪኑ አዞረቻቸው። እኔም በኩራት ዕድሜያቸውን እንዲያወጣ ትእዛዙን ሰጠሁት።

ስልሳ አንድ ዓመት ከአራት ወር።

ተሳስቶ ነው ብዬ ወረቀት ላይ ቆጠርኩ። በጣቴ ቆጠርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ከዚያ ማሽን ጋር ስንጣላ ከርመን፣ የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው። ጭብጨባው ቆመ። አቶ ግርማ የፈረሙበትን ብዕር ኪሳቸው ከተቱት። መብራት በሄደልኝ ብዬ ተመኘሁ፣ የዚያን ዕለት ደግሞ አልሄደም።

ጋሽ ሽፈራው መነጽራቸውን አድርገው ወደ ፎርሙ ጎንበስ አሉ። «የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ፋይሉን ዘጉ፣ ክሩን አሰሩ፣ ብብታቸው ሥር ያዙት። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ፤ ቁጣ የላቸውም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ሁለት ሺውን ብትተወው ይሻል ነበር። በእሱ ይግባኝ እል ነበር።»